ጊኒ ፒጎቹ ተጣሉ ወይስ እየተግባቡ ነው?

ጊኒ ፒግ በጅማ እንደ ውሻና ድመት በየግቢው የሚገኝ እንስሳ አይደለም። ልጆች ባሉበት አንዳንድ ቤት ግን ይታያል፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ይዞት ይመጣል፣ ሌላው ከዘመድ ይቀበላል። የሚሰጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚበላ ይናገራል እንጂ ስለ ጠባዩ አያነሳም። ከዚያ ሁለት ጊኒ ፒጎች አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገቡ አንዱ ሌላውን ያሯሩጣል፣ ያጉረመርምበታል፣ ላዩ ላይ ይወጣል። ቤተሰቡ ይደነግጥና ወዲያው ይለያቸዋል። አንዱ በረንዳ ላይ፣ ሌላው ጓዳ ውስጥ ለየብቻ ይቀራሉ።

አብዛኛውን ጊዜ መለየት አያስፈልግም ነበር። አንዳንዴ ደግሞ በጣም ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ዝም ብሎ ማየት አንዱን እስከ ማጣት ያደርሳል። ይህ ጽሑፍ መለየት የሚያስፈልግበትንና የማያስፈልግበትን ጊዜ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ያስረዳል።

ለመሆኑ ጓደኛ የግድ ያስፈልገዋል?

ጊኒ ፒግ ከአይጥና ከጃርት ወገን የሚመደብ፣ ጭራ የሌለው፣ ሣር በል እንስሳ ነው። ሲያድግ ከ700 እስከ 1,200 ግራም ይመዝናል፤ በደንብ ከተያዘ ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ነው። የዚያ አካባቢ ሰዎች ለሥጋው ብለው ካላመዱት ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በፔሩና በቦሊቪያ ዛሬም በየቤቱ ለምግብ ይረባል። ወደ አውሮፓ የገባው ስፔናውያን ደቡብ አሜሪካን ከያዙ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ዱር ያሉት ዘመዶቹ ረጅም ሣር ውስጥ በትናንሽ ቡድን ይኖራሉ፦ አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎቻቸው። የሚከላከሉበት ቀንድም ሆነ ጠንካራ ጥፍር የላቸውም። ያላቸው መከላከያ ብዙ ዓይንና ብዙ ጆሮ ነው። አንዱ አደጋ ሲሰማ ድምፅ ያሰማል፣ ሌሎቹ በአንዴ ጸጥ ይላሉ ወይም ወደ መሸሸጊያቸው ይሮጣሉ። ብቻውን የቀረ እንስሳ ይህ ሁሉ ጥበቃ በራሱ ላይ ይወድቃል። ሰው ቤት ውስጥ ያለው ጊኒ ፒግ ጭልፊት ባይመጣበትም ሰውነቱ ግን ያንን አያውቅም፤ ብቻውን ሲሆን ጥግ ይይዛል፣ ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኖርበርት ሳክሰርና ባልደረቦቹ በሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ጊኒ ፒጎችን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ከለኳቸው ነገሮች አንዱ ኮርቲሶል ነው። ኮርቲሶል ሰውነት ሲጨነቅ ወደ ደም የሚለቀው ሆርሞን ነው። አንድን ወንድ ብቻውን ወደማያውቀው ቦታ ሲያስገቡት ኮርቲሶሉ በጣም ከፍ ይላል። የለመዳትና የተቆራኛት ሴት አብራው ስትገባ ግን ጭማሪው በእጅጉ ይቀንሳል። የማያውቃት ሴት ብትገባ ይህን ያህል ለውጥ የለም። እንስሳውን የሚያረጋጋው የራሱ ወዳጅ እንጂ ዝም ብሎ ሌላ ጊኒ ፒግ አይደለም ማለት ነው። ለዚህም ነው በየትንሹ ጭቅጭቅ መለያየትና እንደገና መቀላቀል የሚጎዳው፤ ወዳጅነቱ ሥር ሳይሰድ እየተነቀለ ይቀራል።

ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን የመሰሉ በቡድን የሚኖሩ እንስሳትን ያለ ጓደኛ ማኖርን ከልክላለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እንስሳው ግን ያው እንስሳ ነው፣ የትም ቢኖር የሚያስፈልገው አይለወጥም።

ታዲያ ጓደኛ ከፈለገ ለምን ይጣላል?

አዲስ ዶሮ ከገበያ ገዝቶ ከነባሮቹ ጋር የቀላቀለ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ነባሮቹ ያባርሯታል፣ ይነቁሯታል፤ ከቀናት በኋላ ማን ቀድሞ ጥሬ እንደሚለቅም፣ ማን ቆጡ ላይ የት እንደሚያድር ይለያል፤ ግርግሩም ያበቃል። ጊኒ ፒጎችም እንዲሁ ናቸው። አብረው ለመኖር መጀመሪያ ማን አለቃ፣ ማን ተከታይ እንደሚሆን መወሰን አለባቸው። ደረጃው አንዴ ከተወሰነ ጠብ ይቀንሳል፤ ካልተወሰነ ደግሞ ድርቆሽ በተሰጠ ቁጥር ክርክሩ ከዜሮ ይጀመራል።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወንዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ በቅርብ አይቻለሁ። ትልቁ ቡናማ ነው፣ ትንሹ ጥቁርና ነጭ። ቡናማው ቀስ ብሎ ተጠጋና የትንሹን መቀመጫ አሸተተ። ከዚያ መቀመጫውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ሌላውን እየጣለ፣ ዙሪያውን ይዞረው ጀመር። ከደረቱ የሚወጣው ማጉረምረም ምንጣፉ ላይ እጅ ሲደረግ ይሰማል። ላዩ ላይ ለመውጣት ሞከረ። ትንሹ ቀጭን ጩኸት ጮኸና ሮጠ፤ ቡናማው ተከተለው፤ ሁለት ዙር ከዞሩ በኋላ ቆሙ። የቤቱ እመቤት ከኩሽና በር ላይ ሆነው፣ "ውይ ልጄ፣ ሊገዳደሉ ነው፤ ለያቸው እንጂ!" አሉ። አልተለያዩም። ቆይቶ ሁለቱም አንዱ የድርቆሽ ክምር ውስጥ አፋቸውን ከተቱ። ቡናማው በአገጩ የትንሹን ራስ ገፋ አደረገው፤ ትንሹ ቦታ ለቀቀና ከጎን በኩል መብላቱን ቀጠለ።

ወሳኟ ቅጽበት ይህች ናት። አንዱ ገፋ፣ ሌላው ቦታ ለቀቀ፣ ነገሩ አበቃ። ትንሹ ያሰማው ጩኸትም የቆሰለ እንስሳ ጩኸት አይደለም፤ "እሺ፣ አንተ ትበልጣለህ" እንደማለት ነው። አለቃ መሆን የሚችለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሌላው እሺ እስካለ ድረስ ማሯሯጡ፣ ማጉረምረሙ፣ ላይ መውጣቱ፣ መቀመጫን መሬት ላይ እየጎተቱ ሽታ መተዉ፣ ራስን ወደ ላይ ቀና አድርጎ መለካካቱ ሁሉ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከባድ ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጉ ደግሞ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

አንድ ነገር ሰዎችን ግራ ያጋባል፦ ሴቶችም እርስ በርስ ላይ በላይ ይወጣሉ። ሴት ጊኒ ፒግ በየ16 ቀኑ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ በዚያ ቀን ከጎኗ ያለችው ሴት ላይ ትወጣለች፣ ታጉረመርማለች። በማግስቱ ጸጥ ትላለች። ይህን አይተው "ለካ ወንድ ነው" ብለው የተሳሳቱ ብዙ ናቸው።

ድምፃቸው ምን ይላል?

ጊኒ ፒግ የማይናገር እንስሳ አይደለም። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ወይም የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት የሚያሰማው ረጅም ፉጨት ለሰው የታሰበ ነው፤ ምግብ መጣ ማለት ነው። እየዞሩ ሲያሸቱ የሚያሰሙት አጫጭር ዝቅተኛ ድምፅ ደህንነትን ያሳያል። ጥልቁ ማጉረምረም ከላይ ያየነው የአለቅነት ወይም የፍትወት ድምፅ ነው። በደስታ ጊዜ ደግሞ ባሉበት ወደ ላይ እየተወረወሩ እንደ ጥጃ ይቦርቃሉ፤ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ የያዛቸው መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፣ ግን ጤነኛና የተደሰተ ግልገል ነው እንዲህ የሚያደርገው።

በጥንቃቄ መስማት ያለብን ጥርስ ማፋጨትን ነው። ጥርሱን ቶሎ ቶሎ እያጋጨ የሚያሰማው ደረቅ ድምፅ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። አንዱ ብቻ አፋጭቶ ሌላው ከራቀለት አደጋ የለም። ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመው ካፋጩ ግን ማንም እሺ አላለም ማለት ነው።

መቼ ነው የምንገባው?

በዚህ ጉዳይ ለዘብ ማለት አይገባም። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ የአንገታቸው ጠጉር ተነስቶ፣ ጥርስ እያፋጩ፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ጥርስ የሚያሳያዩ ከሆነ ከጠብ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት። ማዛጋት የሚመስለው አፍ መክፈት የእንቅልፍ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መወርወርና ተጠላልፎ እንደ ኳስ መንከባለል ነው፤ ጥርሳቸው ረጅምና ስለታም ስለሆነ ከንፈርን፣ ጆሮንና ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ደም የታየበት ጠብ ካለቀ በኋላ ሁለቱን እንደገና አብሮ ማሳደር አደገኛ ነው።

ሲገባ እጅ አይገባም። በጠብ መሃል ያለ እንስሳ የያዘውን ሳያይ ይነክሳል። ወፍራም ፎጣ ጣል ማድረግ ወይም ካርቶን በመሃል ማስገባት ይበቃል። ገና ጥርስ ማፋጨት ላይ ከሆኑ በእጅ ማጨብጨብ ወይም ድርቆሽ በመሃላቸው በትኖ ሐሳባቸውን ማስቀየር ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ደም የማይታይበት ጉዳትም አለ፤ እሱን ማንም ልብ አይለውም። አንዱ ሌላውን ከምግብና ከውሃ ዘወትር ቢያርቀው ጩኸት ላይኖር ይችላል፣ የተገፋው ግን እየከሳ ይሄዳል። ጠጉር ሥጋን ስለሚሸፍን በዓይን አይታወቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ በኩሽና ሚዛን መመዘን ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው። ክብደቱ በተከታታይ ከቀነሰ፣ ወይም እንስሳው ቀኑን ሙሉ ከአንድ ጥግ ካልወጣ፣ አብረው መኖራቸው እየሠራ አይደለም።

ለወራት ተስማምተው የኖሩ ድንገት ቢጣሉስ? መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። ቆዳው ላይ እከክ የያዘው፣ ጥርሱ የታመመው ወይም በቫይታሚን ሲ እጥረት መገጣጠሚያው የሚያመው እንስሳ ሲነካ ይቆጣል። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በራሱ ሰውነት መሥራት አይችልም፤ በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለበት። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ደግሞ እንቁላል ማምረቻቸው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲያወጡ ጠባያቸው ይለወጣል፣ ጓደኞቻቸውን ማሳደድ ይጀምራሉ። ከመለያየት በፊት ሐኪም ማየቱ ይቀድማል። ጅማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ መጀመሪያ እዚያ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ማንን ከማን ጋር እናኑር?

ከጠቡ ሁሉ አብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ሴቶች ወይም ከዚያ በላይ በአብዛኛው ይስማማሉ። የተኮላሸ ወንድ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴቶች ጋር ሲሆን ከሁሉ የተረጋጋ ቡድን ይሆናል፤ ዱር ካለው አኗኗራቸው ጋር ይቀራረባል። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላ ግን ስድስት ሳምንት ያህል ከሴት መራቅ አለበት፣ ምክንያቱም ቀድሞ የተመረተው ዘር ወዲያው አይጠፋም። ማኮላሸት ለትንሽ እንስሳ የሰመመን መድኃኒት መስጠትን ስለሚጠይቅ፣ ይህን እንስሳ የሚያውቅ ሐኪም ካልተገኘ አለመሞከሩ ይሻላል።

ሁለት ወንዶች አብረው መኖር አይችሉም የሚባለው ትክክል አይደለም። ሴት እስከሌለች፣ ቦታውም ሰፊ እስከሆነ ድረስ ለዕድሜ ልክ ይስማማሉ። ችግሩ ሦስተኛ ወንድ ሲጨመር ወይም እዚያው ክፍል ውስጥ ሴት ስትቀመጥ ነው፤ ሽታዋ ብቻ ወንድማማቾችን ያጣላል። ከሦስት ወር አካባቢ ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ያለው የጉርምስና ጊዜም ፈተና ነው። ትናንት አብረው የተኙት ዛሬ ይገፋፋሉ። ደም እስካልታየ በትዕግሥት ማለፍ ነው።

ሳክሰር እዚህ ላይም ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። ከሌሎች ትልልቅ ወንዶች ጋር በቡድን ውስጥ ያደገ ወንድ እንግዳ ወንድ ሲገጥመው ሳይጣላ መስማማት ይችላል። ብቻውን ወይም ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ያደገው ግን ይደባደባል፣ ኮርቲሶሉም ከፍ ይላል። መሸነፍን የሚማረው በጉርምስናው ጊዜ ከታላላቆቹ ነው። ስለዚህ ወንድ ግልገል ከእናቱ ሲለይ ለብቻው ከማሳደግ ከሰከነ ትልቅ ወንድ ጋር ማኖሩ የኋላ ኋላ ጠብን ይቀንሳል።

ያልተኮላሸ ወንድና ሴት አብሮ ማኖር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ይቆያል። ግልገሎቹ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ድርቆሽ መቀነጣጠብ ይጀምራሉ። እናታቸው በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ትችላለች። ሴት ግልገል በአራት ሳምንቷ ልታረግዝ ትችላለች፤ ወንዱ ደግሞ በሦስት ሳምንቱ ገደማ የገዛ እናቱንና እህቱን ሊያስረግዝ ይችላል። ስለዚህ ወንድ ግልገሎች ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ከሴቶቹ መለየት አለባቸው። ሰባት ወር ካለፋት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታረግዝ ሴት ደግሞ የዳሌዋ አጥንት ስለሚገጥም መውለድ አቅቷት ልትሞት ትችላለች። "አንድ ጊዜ ትውለድና ልጆቹ ይዩ" የሚለው ሐሳብ ይህን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ጾታቸውን በሁለት ሰው ማረጋገጥ ብልህነት ነው። ግልገል ሳሉ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ሁለት ሴት ተብለው የተሰጡ ሁለት ወር ቆይተው የሚወልዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥንቸልስ ጓደኛ ይሆነዋል?

አይሆነውም። ጥንቸል በኋላ እግሯ ስትራገጥ የጊኒ ፒግን አጥንት ልትሰብር ትችላለች። እሷን የማያሳምማት ባክቴሪያ ለእሱ ከባድ የሳንባ በሽታ ይሆንበታል። ቋንቋቸውም አይገናኝም፤ ጎን ለጎን ቢተኙም ጊኒ ፒጉ አሁንም ብቻውን ነው።

ቤታቸው ጠቡን ያባብሰዋል?

በጣም። የሚሸሽበት ቦታ ያጣ ተከታይ እሺ ብሎ መራቅ ስለማይችል አለቃው ማሳደዱን አያቆምም። ለሁለት ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ወለል ያስፈልጋል፤ ለወንዶች ከዚያም ቢሰፋ ይመረጣል። ፎቅ ያለው ሳጥን የወለሉን ጥበት አይተካም፣ እነሱ የሚሮጡት መሬት ላይ ነውና። መሸሸጊያው ሁለት በር ይኑረው፤ አንድ በር ያለው ካርቶን አንዱን ውስጥ አግቶ ማሰቃያ ይሆናል። የምግብ ሳህንም፣ ውሃ ማጠጫም፣ መሸሸጊያም ሁለት ሁለት ሆነው ተራርቀው ይቀመጡ። ድርቆሽ ደግሞ አንድ ቦታ ከመከመር በሁለት ሦስት ቦታ መበተኑ ይሻላል።

የጅማ አየር የራሱ ጣጣ አለው። ክረምቱ ረጅምና እርጥብ ነው፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የሚያድር ጊኒ ፒግ ሳንባው በቀላሉ ይታመማል። ሳጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ዝናብ ከማያስገባ ጥግ፣ ንፋስ በቀጥታ ከማይመታው ቦታ ይቀመጥ። በበጋ ደግሞ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ በረንዳ ከሰዓት በኋላ ይግላል፤ ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃሉ። የሞቀውና የተጨናነቀው እንስሳ ደግሞ ለጠብ ቅርብ ነው።

ምግባቸው ዋናው ሣርና ድርቆሽ ነው። ለቫይታሚን ሲ ሐበሻ ጎመንና ጣፋጭ ቃሪያ ጥሩ ናቸው። ሣሩ ግን ከመኪና መንገድ ዳር ወይም ከአዌቱ ወንዝ ዳር ቆሻሻ ከሚጣልበት አይታጨድ። ጅማ ላይ በየግቢው ስላለ በተለይ መጠንቀቅ ያለብን ከአቮካዶ ነው፤ ፍሬውም ቅጠሉም ለጊኒ ፒግ መርዝ ነው። ከዛፉ የወደቀ ቅጠል ሳጥናቸው ውስጥ እንዳይገባ ማየት ያስፈልጋል።

አዲስ ስናመጣ እንዴት እናስተዋውቃቸው?

በመጣበት ቀን መቀላቀል አይገባም። አዲሱ ሁለት ሳምንት ያህል በሌላ ክፍል ይቆይ፤ በሽታ ይዞ ከሆነ በዚህ ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ ለጥቂት ቀናት በሽቦ ወንፊት ተለያይተው ይተያዩ፣ ይሸታተቱ።

የመገናኛው ቦታ የማንም ያልሆነ ይሁን። ነባሩ ሳጥን የነባሩ ግዛት ነው፣ አዲሱን እዚያ መጣል ጠብ መጋበዝ ነው። ሁለቱም የማያውቁት፣ ሽታ የሌለበት ሰፊ ወለል ላይ ብዙ ድርቆሽ በትኖ፣ መሸሸጊያ ሳያስቀምጡ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። ከዚያ መቀመጥና ማየት። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ጊዜ ከሌለ ሌላ ቀን መጀመር ይሻላል። በመሃል "ይረፉ" ብሎ አውጥቶ እንደገና መመለስ ደረጃ የመለየቱን ሥራ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። አብረው ሲበሉ ወይም ጎን ለጎን ሲጋደሙ ከታዩ፣ ሳጥኑ በደንብ ታጥቦ፣ ዕቃው ቦታ ተቀያይሮ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ይግቡ።

አንዱ ቢሞትስ?

የቀረው ለቀናት ምግብ ሊቀንስ፣ ሊፈዝ ይችላል። መብላት ሙሉ በሙሉ ካቆመ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ የጊኒ ፒግ አንጀት ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ መቆም አይችልም። ለጓደኛ መቸኮል አያስፈልግም፣ ለወራት መተውም ጥሩ አይደለም። ለአረጋዊ እንስሳ ጎረምሳ ማምጣት ያስጨንቀዋል፤ ጠባዩ የሰከነ፣ ዕድሜው የሚቀራረብ ይመረጣል። ጅማ ላይ ይህን ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ጊኒ ፒግ ያላቸው ቤቶች አስቀድመው ተዋውቀው ቢቀመጡ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረው ሌላው ቤት ካለው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ይኖራል።